ውስጥ እግራችንን ማን ያየዋል?



ዛሬ የምናገረው ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። ከመካከላችሁ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ይኖራል። የሰማም ቢኖር ምናልባት የሰማው «የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ፀሐይ ያቃጠለው ነጭ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነው» ሲባል ይሆናል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ሰው እየገደለብን ስለሆነ ዛሬ ስለ እሱ እንነጋገራለን።

ዋናውን ሐሳቤን ከፊት ልናገረው። ሜላኖማ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው። ከያዛቸው መካከል የሚሞተው ግን ከሌላው ይበዛል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ መታየቱ ነው። የሚዘገየውም ማንም ትኩር ብሎ በማያየው ቦታ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱና ከመሣሪያው በፊት የሚያስፈልገን ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ሁላችንም አለን።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። ከዚህ ከሐዋሳ ተነሥቶ በአዲስ አበባ መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ሻሸመኔ ይደርሳል። እዚያ ጃማይካ ሰፈር የምንለውን ታውቁታላችሁ። በጣልያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 የሰጡት መሬት ነው። የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ የነበረው ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ በ1978 ኢትዮጵያ መጥቶ ያንን ሰፈር ጎብኝቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ዘፈን አድርጎ ለዓለም ያሰማ ሰው ነውና፣ ለእሱ ያ ጉዞ የእምነት ጉዞ ነበር። ሻሸመኔን በረገጠበት ጊዜ ግን በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሜላኖማ ከተገኘ ዓመት አልፎት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርሌይ ኳስ ወዳድ ነበር። ጣቱ ኳስ ሲጫወት ተጎዳ፤ ቁስሉም አልድን አለ። በ1977 ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ሐኪሞች መከሩት፤ አልተቀበለም። ከምክንያቶቹ አንዱ እምነቱ እንደነበር ይነገራል። ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ተነሥቶ በምትኩ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል የተወሰደ ቆዳ ተለጠፈለት፤ እሱም ወደ መድረኩ ተመለሰ። በሴፕቴምበር 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ መናፈሻ ሲሮጥ ወደቀ። ሲመረመር ካንሰሩ አንጎሉ ድረስ ዘልቆ ነበር። በኖቬምበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ ኪንግስተን ላይም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሸኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ኳሱ ካንሰሩን አመጣው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የኳሱ ጉዳት ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ያንን ጣት ያየ ሁሉ «ምት ነው» ብሎ እንዲያልፈው ምክንያት መስጠት ነው። ሁለተኛ፣ ጣቱ በጊዜው ቢቆረጥ ኖሮ በእርግጥ ይድን ነበር ብዬ አልናገርም። ሜላኖማ አንዳንዴ ገና ሲገኝ ዘሩን በትኖ ይቆያል። ነገር ግን እድሉ ከሁሉ ይበልጥ ሰፊ የሚሆነው በሽታው በቆዳ ላይ ብቻ ሳለ መሆኑን ሕክምናው በሚገባ ያውቃል።

አሁን ስለ በሽታው ምንነት ጥቂት ልበል። ቆዳችን ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኖሳይት ከሚባሉ ጥቃቅን ሴሎች ነው። በቁጥራቸው ጥቁሩና ነጩ ያን ያህል አይለያዩም። ልዩነቱ የሚሠሩት ቀለም፣ ማለትም ሜላኒን፣ በብዛትና በዓይነት መለያየቱ ነው። በ1979 የታተመ አንድ ጥናት የቆዳን የላይኛ ሽፋን ለክቶ ነበር። ቆዳን ከሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በነጮች ሽፋን በኩል ከመቶ 24 እጅ ሲያልፍ፣ በጥቁሮች ሽፋን በኩል ያለፈው 7 እጅ ብቻ ነበር። ጨረር የሚያመጣው ሜላኖማ በእኛ ላይ ብርቅ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ይህ ከፈጣሪ የተሰጠን ጋሻ ነው፤ አመስጋኞች ነን።

ጋሻው ግን የሚከላከለው ከፀሐይ ነው። ከሜላኖማ ዓይነቶች አንዱ ፀሐይን ምንም አይፈልግም። እሱም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ነው። በ1976 ሪቻርድ ሪድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ራሱን የቻለ ዓይነት መሆኑን ለይቶ ገለጸው። ጥፍር ሥር የሚወጣውን ደግሞ የእንግሊዙ ቀዶ ሐኪም ጆናታን ሃችንሰን ከዚያ 90 ዓመት ቀድሞ፣ በ1886፣ ጽፎበታል። የዚህ ካንሰር ሴሎች ውስጠ ነገር ሲመረመር ፀሐይ ጥላው የምትሄደው ጠባሳ በብዛት አይታይበትም። ከጃፓን የወጡ ጥናቶች ደግሞ የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት የእግር ክፍል፣ በተረከዝና ከጣቶች ሥር ባለው ቦታ ላይ፣ እንደሚበዛ አሳይተዋል። መንሥኤው ገና እየተጠና ነው። የሚወጣበት ቦታ ግን ታውቋል፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚበቃንም ይኸው ነው።

ይህ ዓይነት በአሜሪካ ከ1986 እስከ 2005 በተሰበሰበ መዝገብ ሲታይ፣ ከሚሊዮን ሰው በዓመት ሁለት ያህሉን ይይዛል። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር ለጥቁሩም ለነጩም ተቀራራቢ ነው። ነጩን በፀሐይ የሚመጣው ሜላኖማ በብዛት ስለሚያጠቃው፣ የእግሩ ዓይነት በእሱ ዘንድ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። በጥቁሮች ዘንድ ግን ከመቶ 36 ነው። በእግር ሜላኖማ በኩል ጥቁሩና ነጩ እኩል ናቸው ማለት ነው። ለዚህ ነው «የፈረንጅ በሽታ» የሚለው አባባል የሚያዘናጋን።

የዓለሙን ሁኔታ ደግሞ እንመልከት። አስቀድሜ ግን ስለ ቁጥር አነባበብ አንድ ቃል ልናገር። ካንሰርን የሚቆጥሩ ሰዎች ሦስት ነገር ይመዘግባሉ፤ በዓመት ስንት ሰው አዲስ ታመመ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ከታመሙት ውስጥ ስንቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ካልተነበቡ ያሳስታሉ።

በ2020 በዓለም ዙሪያ 325 ሺህ ያህል ሰው በሜላኖማ ታመመ፤ 57 ሺህ ያህል ሞተ። አካሄዱ በዚሁ ከቀጠለ በ2040 የታማሚው ቁጥር ከ500 ሺህ እንደሚያልፍ፣ የሟቹም ወደ 96 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። ብዛቱ ከሁሉ የሚያይለው በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ነው። እዚያ ከመቶ ሺህ ወንዶች በዓመት 42 ያህሉ ይታመማሉ። በአብዛኛው የአፍሪካ አገር ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

አውስትራሊያ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ሄደው የሰፈሩ ሰዎች ቆዳቸው ያልለመደው ፀሐይ ሥር የሚኖሩባት አገር ናት። በ1981፣ ማርሌይ በሞተበት ዓመት፣ ሸሚዝ እንዲለብሱ፣ የፀሐይ ቅባት እንዲቀቡ፣ ባርኔጣ እንዲያደርጉ ሕዝቡን በመዝሙር የሚያስተምር ዘመቻ ተጀመረ። ልጆች በየትምህርት ቤቱ ዘመሩት። ዛሬ በአረጋውያኑ ላይ ቁጥሩ ገና ከፍተኛ ሲሆን፣ ከዘመቻው ወዲህ ባደጉት ወጣቶች ላይ ግን እየቀነሰ መጥቷል። ሕዝብ በልጅነቱ የተማረው ነገር ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በካንሰር መዝገብ ላይ ይታያል ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ ስንሄድ፣ በ1975 ከመቶ ሺህ ሰው በዓመት 8 ያህል ይታመም ነበር። ያ ቁጥር በቅርቡ ወደ 25 ደርሷል። ሦስት እጥፍ ነው። የሟቾቹ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። በሽታው ከተገኘባቸው መካከል አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 82 የነበሩት ወደ 94 ከፍ ብለዋል። ይህ ታላቅ ድል ይመስላል፤ በከፊልም ድል ነው። ነገር ግን በ2021 ጊልበርት ዌልች የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ሕዝቡ አብዝቶ ሲመረመር፣ ሐኪሙም አብዝቶ ናሙና ሲወስድ፣ ሳይገድሉ ሊኖሩ ይችሉ የነበሩ ጥቃቅን ምልክቶችም «ሜላኖማ» ተብለው ይመዘገባሉ። እነሱ ሲጨመሩ የታማሚው ቁጥር ይንራል፤ የመዳን መጠኑም ከእውነተኛው በላይ አምሮ ይታያል። እነሱ ዘንድ አብዝቶ ማየት ያመጣው ጭንቀት አለ። እኛ ዘንድ ገና ማየት አልተጀመረም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ቁጥር ልምጣ። በዚያው በአሜሪካ፣ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ነጮች ከመቶ 94ቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ከጥቁሮች ግን 70 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከዚህ ከኢትዮጵያ ሄደው እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚቆጠሩት ከእነዚህ ጋር ነው። ይህ የሃያ አራት ሰው ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ የእግሩ ዓይነት ክፉ ከመሆኑ ነው፤ በዚያው ቀደም ባልኩት መዝገብ የእግር ሜላኖማ ያለባቸው አምስት ዓመት የቆዩት ከመቶ 80 ሲሆኑ፣ ሁሉም ዓይነት ሲደመር 91 ነበሩ። ትልቁ ክፍል ግን ከመዘግየት የመጣ ነው። በሽታው በወጣበት ቦታ ብቻ ሳለ ከተገኘ፣ ከመቶ 99 ያህሉ አምስት ዓመት ያልፋሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘ ግን የሚያልፉት 35 ያህል ብቻ ናቸው። ጥቁሩ ታማሚ ሐኪም ፊት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ራሱ አይጠረጥርም፤ ሐኪሙም «ጥቁር ሰው ሜላኖማ አይዘውም» ብሎ ስለተማረ አይጠረጥርም። ሁለቱም ሳይጠረጥሩ ወራት ያልፋሉ።

የቆዳ ካንሰር የሚለካው በሚሊሜትር ነው። በ1970 አሌክሳንደር ብሬስሎው የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም የታማሚውን ዕጣ ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው የካንሰሩ ጥልቀት መሆኑን አሳየ። ዛሬም የዓለም ሐኪሞች የሚሠሩት በዚያው መለኪያ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነው በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ተነሥቶ፣ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ይኖራል። አራት ሚሊሜትር ሲያልፍ ነገሩ ሌላ ነው። በአንድና በአራት ሚሊሜትር መካከል ያለውን የሚሞላው በእኛ አገር «ነገ እታያለሁ» የተባለበት ጊዜ ነው።

መድኃኒት የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ፤ ድንቅ መድኃኒትም ነው። የሰውነትን መከላከያ ሠራዊት ከታሰረበት ፈትቶ በካንሰሩ ላይ የሚያዘምት መድኃኒት ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መንገዱን የከፈቱት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ጂሚ ካርተርን ታስታውሳላችሁ፤ ማዕከላቸው በአማራ ክልል ትራኮማን ለማጥፋት ለረጅም ዓመታት የሠራ ነው። እሳቸው በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው መድረሱ ተነገራቸው። በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በዚህ መድኃኒት ታክመው በዚያው ዓመት መጨረሻ የካንሰሩ ምልክት ጠፋ። መቶ ዓመት ሞልቷቸው በዲሴምበር 2024 ዐረፉ። በ1980 ለማርሌይ ያልነበረ ነገር በ2015 ለካርተር ነበረ። ድሮ በሽታው የተሠራጨበት ሰው በአማካይ ዓመት አይሞላውም ነበር። አሁን ሁለት መድኃኒት አጣምረው ከወሰዱት ውስጥ ከመቶ 43ቱ ዐሥር ዓመት ሲቆዩ ታይቷል።

ሆኖም እውነቱን እንነጋገር። ይህ መድኃኒት በዓመት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ነው። በእግር ሜላኖማ ላይም ኃይሉ በፀሐይ በመጣው ላይ ካለው ያነሰ ነው። ለሐዋሳ ሰው ዛሬ የሚደረስበት ፈውስ በጊዜ የተያዘ ምላጭ ነው፤ ቀዶ ሐኪምና የናሙና ምርመራ ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ በ2020 ከ77 ሺህ በላይ ሰው በካንሰር እንደታመመና 52 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በብዛት ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ የአገር ትኩረት በእነሱ ላይ መሆኑ ተገቢ ነው። ይህ ግምት ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ አለብን። ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር መዝገብ በአገራችን የተጀመረው በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ የሚመዘግበውም የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። ሞትና ልደት በመላ አገሪቱ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ የጀመረው በኦገስት 2016 ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ሰዎች በምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ተመራማሪዎች ከ2001 ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረውን መቁጠር ነበረባቸው። ሌላው ዓለም የሃምሳ ዓመት መስመር ስሎ ወጣ ወረደ ሲል፣ እኛ መስመሩን የምንጀምርበት ነጥብ ገና መትከላችን ነው። ያልተቆጠረ በሽታ በጀት አያገኝም፤ በትምህርት ቤት አይነገርም፤ ሐኪሙም አይጠረጥረውም። በዚህች ከተማ ከአንድ ታማሚ እግር ተነሥቶ ሳይመረመር የተጣለ ናሙና ሁሉ ከዚያ መስመር ላይ የጎደለ ነጥብ ነው።

በሽታው እኛ ዘንድ ምን መንገድ ይዞ እንደሚዘገይ ታውቁታላችሁ። ውስጥ እግር ላይ አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ «ጫማ መትቶኝ ነው»፣ «ኪንታሮት ነው» ይባላል። ከፋርማሲ ቅባት ይገዛል። ሳይሻል ሲቀር ባህል ሐኪም ዘንድ ተኪዶ ይተኮሳል። የተተኮሰው ላዩ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቀጥሎ ይቆስላል፤ ይደማል። ከዚያ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ንፍፊቱ የእግሩ ቁስል ያመጣው ነው ተብሎ ይታለፋል። ያ እብጠት ግን ካንሰሩ ከእግር ተነሥቶ መንገድ መጀመሩን ሊናገር ይችላል። ሰውየው ሆስፒታል የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማንንም ልወቅስ አይደለም። እሾህ በሚወጋበት፣ ሚስማር በሚረገጥበት አገር እግር ላይ ያለን ቁስል እሾህ ነው ማለት የተለመደ ነው። ዘጠና ዘጠኙ ጊዜም ትክክል ይሆናል። የምንፈልገው መቶኛውን ነው።

ደስ የሚለው፣ እግርን በማየት በኩል ኢትዮጵያ ለዓለም የምታስተምረው ነገር አላት። በዚሁ በደቡቡ፣ በሲዳማና በወላይታ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ የሚያመጣውን የእግር እብጠት ታውቃላችሁ። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት መንሥኤው አፈሩ መሆኑን ገልጿል። በ1998 በወላይታ ሶዶ ታማሚዎች እግራቸውን በሳሙና አጥበው፣ ቀብተው፣ ጫማ አድርገው እንዲኖሩ የሚያስተምር ድርጅት ተቋቋመ። በ2013 የመላ አገሪቱ ካርታ ሲሠራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገመተ። ያን ሰው ለማከም ቀድሞ የተደረገው እግሩን ማየት ነበር። በአዲስ አበባ በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልም የሥጋ ደዌ ታማሚዎቹን ሲያስተምር የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሕመም ስለማይሰማህ ውስጥ እግርህን በየቀኑ እይ» የሚል ነው። የስኳር ሕመምተኞችም ከሐኪማቸው ይህንኑ ይሰማሉ። ሜላኖማን ለመያዝ አዲስ ሕንፃ መሥራት አያስፈልገንም። አሁን ያሉት የእግር መመልከቻ ቦታዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ይበቃል።

ታዲያ ምን እንይ? በግልጽ እንናገር። ማርያም የሳመችው የምንለው ከልደት ጀምሮ ያለ ምልክት በጠቅላላው አያስፈራም። በጥቁር ሰው ውስጥ እግር ላይ ነጣ ጠቆር ያለ ነጠብጣብም የተለመደ ነው። ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር መስመርም፣ በተለይ በብዙ ጣቶች ላይ ከሆነ፣ ዕድሜያቸው ከገፋ ጥቁር ሰዎች በብዙዎቹ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ እንድትደነግጡ አልፈልግም።

የሚያሳስበው ግን እንዲህ ያለው ነው። በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጣቶች መካከል አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ እኩል ያልሆነ ምልክት። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ ከወር ወር የሚሰፋ፣ በተለይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ የፈሰሰ መስመር። ከሁለት ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በቀላሉ የሚደማ ሥጋ፣ ተገቢው ሕክምና ያልመለሰው «ኪንታሮት»። አንዳንዱ ሜላኖማ ቀለም የለውም፤ ቀይ ቁስል ብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከጥቁረቱ ይልቅ አለመዳኑን ጠርጥሩ።

የጤና ባለሙያዎች እዚህ አላችሁና ለእናንተም ልናገር። እሾህ ነው ብላችሁ የከፈታችሁት እግር ውስጥ እሾህ ካላገኛችሁ ምርመራው አላለቀም። ከእግር የተነሣ ሥጋ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይሂድ። ጃፓኖች በትንሽ የማጉያ መነጽር የውስጥ እግርን ቆዳ ያያሉ። እንደ ጣት አሻራ ካሉት መስመሮች ቀለሙ በጉብታው ላይ ከተኛ ይጠረጥራሉ፤ በሸለቆው ውስጥ ከተኛ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል። ይህ መሣሪያ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ዕውቀቱም በአጭር ሥልጠና ይያዛል። ከ2005 ጀምሮ የሚያገለግለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እንዲያስፋፉ በአገር አቀፍ ዕቅድ ከተመረጡት አንዱ ነው። ያ መልካም ነው። ለሜላኖማ ግን ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከሆስፒታሉ ደጅ በፊት፣ በጤና ጣቢያው የምርመራ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ መቁረጥ ፍርሃትም ዝም ብዬ አላልፍም። ጣት ወይም እግር ይቆረጥ ሲባል ሰው ይሸሻል፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው። ገበሬ በእግሩ ይኖራል፤ ሙሉ አካልን የፈጣሪ አደራ አድርጎ የሚያይም ብዙ ነው። ይህን የሚል ሰው ሊሰደብ አይገባውም፤ ሊመከር፣ ሊጸለይለት፣ በሃይማኖት አባቱ ሊጽናና ይገባል። ቶሎ የመጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ጥቂት ቆዳ ብቻ ነው፤ ጣት የሚሄደው ሲዘገይ ነው። መቁረጥን የሚፈራ ሰው ቀድሞ መታየትን ከማንም በላይ ሊወድ ይገባዋል።

አንድ ወገን አለ፤ ልዘለው አልችልም። ያለ ቆዳ ቀለም የተወለዱ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆቻችን የፀሐይ ጋሻው የላቸውም። በእነሱ ላይ የሚበዛው ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ነው፤ ገና በወጣትነታቸው ይቀጥፋቸዋል። ለእነሱ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስና የፀሐይ ቅባት መድኃኒት ናቸው። አውስትራሊያ ለልጆቿ ያደረገችውን እኛ ለእነዚህ ልጆች ልናደርግላቸው ይገባል። በክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ መምህር፣ በዕረፍት ሰዓት ጥላ ሥር የሚያጫውት ጓደኛ ዕድሜ ይጨምርላቸዋል።

ወገኖቼ፤ ልጨርስ። አደራዬ ለየድርሻችሁ ነው።

ቤተሰቦች፤ በአገራችን ለሽማግሌና ለእንግዳ እግር ማጠብ የቆየ ክብር ነው። አያቶቻችሁን ስታጥቡ፣ እነሱ ጎንበስ ብለው ሊያዩት የማይችሉትን ውስጥ እግር እናንተ እዩላቸው። በወር አንድ ቀን ለራሳችሁም በመስታወት እዩ። ጥፍር የምትሠሩ እህቶች፤ የሰውን ጥፍር ከሐኪም ይበልጥ የምታዩት እናንተ ናችሁና፣ የሚያጠራጥር መስመር ስታዩ በቀለም ከመሸፈናችሁ በፊት «ሐኪም ይይልሽ» በሉ። የእድር ሰብሳቢዎች፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልነትን ስታነሡ ይህንንም አንሡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ ቤት ለቤት ስትሄዱ ጫማ አስወልቁ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፤ ይህች ከተማ የራሷ የካንሰር መዝገብ እንዲኖራት ጀምሩት። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ ቆሞ የሚናገር ሰው የሐዋሳን ቁጥር ከሐዋሳ መዝገብ ያንብብ።

ይህ በሽታ ብዙ ሰው አይዘውም፤ ብዬዋለሁ። ዛሬ ከሰማችሁኝ መካከል የሚይዘው አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ሁለት ሚሊሜትር ላይ ሳለ በልጁ ዓይን የታየ አንድ አባት ቢገኝ፣ ያ አባት የዚህ ስብሰባ ዋጋ ነው።